ሙጫው እስኪይዝ

የሰደበኝ ምክትል ኃላፊው ነው። ልጄ ሰባተኛ ክፍል በገባች ዓመት፣ በምሠራበት ዩኒቨርሲቲ የአዲስ ተማሪዎች መቀበያ ቀን፣ ከምሳ በፊት። ቤተ መጻሕፍቱን ሊያስጎበኝ ተማሪዎቹን አስከትሎ ምድር ቤት ወረደ። የመጽሐፍ ጥረዛ ክፍሌ ጋ ሲደርሱ አንዷ ተማሪ «እዚህስ ምን አለ?» አለችው። እኔ ሽርጤን እንዳሸረጥኩ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ለዚያ ቀን ብዬ ሸሚዜን አስተኩሼ ነበር። ዓይን ዓይኔን እያየ፣ «እዚህ የሚታይ ነገር የለም፤ እንለፍ» አላት።

ከዚያ ወዲህ የመቀበያ ቀን በመጣ ቁጥር በሩን ከውስጥ ቀርቅሬ ሥራዬን እሠራለሁ። ለምን ሲሉኝ፣ ነፋስ ሙጫውን ያበላሽብኛል እላለሁ። ውሸትም አይደለም። ሚስቴን ግን በዚህ አላታልላትም። «ዛሬም ያቺኑ ታመነዥካለህ? ሰውዬው እኮ ያኔውኑ ረስቷታል» ትለኛለች። የሚያንገበግበኝ መርሳቱ መሆኑን ማን ይንገራት።

ዘንድሮ ልጄ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ደርሳለች። አዲሶቹን ተማሪዎች እንድታስጎበኝ የተመረጠችው እሷ ናት። ከስምንተኛ ክፍል የቀረ ሰው ልጅ፣ ምክትል ኃላፊውን ከኋላዋ አስከትላ ልትሄድ ነው። ኩራቴን የማስቀምጥበት አጣሁ።

በዋዜማው ራት ላይ የምትናገረውን ስትለማመድ አዳመጥኳት። የውሰት ጠረጴዛውን አለች። በቡድን የሚጠናበትን ክፍል፣ ኮምፒውተሮቹን፣ ጽሑፍ አልሄድ ላለው ተማሪ እርዳታ የሚሰጡትን አስተማሪዎች፣ ዓይነ ስውራን የሚያዳምጧቸውን የተቀዱ መጻሕፍት፣ ዓርብ ዓርብ ያለውን የመጽሐፍ ውይይት፣ ሁሉንም አለች። ምድር ቤቱን አላለችም። ሚስቴ ከጠረጴዛው ሥር በእግሯ ጎሸመችኝ። እንጀራዬን ጎረስኩ። ለምኜ የማስመጣት ልጅ የለኝም። ግን በሬን አልፋ ብትሄድ፣ ማታ በምን ዓይኔ እንደማያት አላውቅም ነበር።

ጠዋት በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩና ተቀመጥኩ። መቀመጥ አልሆነልኝም። እጄ ሥራ ሲፈታ ሐሳቤ ይከፋል። ከተቆለሉት መካከል የሕክምና ተማሪዎች የሚሻሙበትን፣ ጀርባው የተገነጠለውን ወፍራም መጽሐፍ አነሳሁ። ሙጫውን ቀባሁ፤ ሽፋኑን ገጠምኩ። ይኼን ጊዜ ኮቴ ከደረጃው ተሰማ። ቀና ስል በሩ ተቀርቅሯል። ሙጫውን ከመክፈቴ በፊት እንደ ልማዴ የቀረቀርኩት እኔው ነኝ።

እንዲህ ያለ ወፍራም መጽሐፍ ሙጫው ጨበጥ እስኪያደርግ በሁለት እጅ ይያዛል። ከለቀቁት ጀርባው ይጣመማል፤ ሁሉም ነገር እንደገና ይፈርሳል። «አለሁ» ብዬ ልጮህ አሰብኩ። ልመና መስሎ ታየኝና ተውኩት።

ልጄ አንኳኳች።

«ተዘግቷል፤ እንለፍ» አለ ምክትል ኃላፊው።

አቤት፣ ያቺ ቃል።

«አልተዘጋም ጋሼ» አለች። «አንኳኩቼ ካልከፈተ እጁ ላይ ሙጫ አለ ማለት ነው። ቤትም እንዲሁ ነው።»

«ልጄ፣ ፎቁ ሳይታይ ይቀርብናል እኮ» አላት።

«ፎቁ የት ይሄዳል? ሙጫው እስኪይዝ እንጠብቃለን።» ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ለተማሪዎቹ፣ «ውስጥ ያሉት አባቴ ናቸው» አለቻቸው። «ከዚህ የምትዋሱት መጽሐፍ ገጹ ሳይረግፍ እጃችሁ ከገባ፣ እሳቸው ዘንድ ደርሶ የመጣ ነው።»

እውነት ለመናገር ሙጫው ከያዘ በኋላም ትንሽ ቆየሁ። እንባ ባረጠበው ፊት በሩን መክፈት አልቻልኩም። ዓይኔን በክንዴ ጠረግኩ፤ መጽሐፉን እስኪደርቅ ጨምቆ የሚይዘው መጫኛ ውስጥ አስገባሁ፤ መቀርቀሪያውን ሳብኩ።

መተላለፊያው ጢም ብሏል። አንዱም አልሄደም።

ገብተው ክሩን ነካኩ፤ ብሩሹን አሸተቱ። አንድ ቀጫጫ ልጅ ከቦርሳው የተበታተነ መዝገበ ቃላት አወጣ። «አባባ፣ ይኼ ይድናል?»

«ማን ነው እንዲህ የደበደበው?»

«እህቴ ናት።»

«እሷንም ይዘሃት ና።» ሳቁ። ልጄ ከሁሉም አስበልጣ ሳቀች።

ወደ ደረጃው ሲመለሱ ምክትል ኃላፊው ወደኋላ ቀረና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «እኔ እኮ ሁልጊዜ የምለው ነው፤ ይኼ ክፍል ባይኖር ቤተ መጻሕፍቱ ባዶ ነበር። አይደለም እንዴ ወንድሜ?»

ለዚህ ሰው ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ። ስንት ዓመት የሞረድኩት ነው፤ አንዳንዱን በሕልሜ ሁሉ ተናግሬዋለሁ። ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ቆመ።

«አባዬ!» አለች ልጄ ከደረጃው ላይ። «ቀሪውን አብረኸን ዙር እንጂ። እየጠበቅንህ ነው።»

እጄን በሽርጤ ጠረግኩ። በሩን እንደተከፈተ ተውኩት።

«አይደለም እንዴ?» አለ ከኋላዬ።

ደረጃውን ጀምሬዋለሁ።