የአራት ሰው ድንኳን

ቤታችሁ ይፈርሳል ተብሎ በራችን ላይ በቀይ ቀለም ኤክስ ከተደረገ በኋላ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት የተሰጠን ወረቀት ሦስት ነገር ይላል፦ በአሥራ አምስት ቀን ልቀቁ፤ ምትክ ቤት እስኪደርሳችሁ ኮረብታው ላይ ቦታ ተዘጋጅቷል፤ ድንኳን የራሳችሁ ነው። የኮረብታው ነፋስ የማን እንደሆነ አይልም። ቀድመውን የወጡ ጎረቤቶች ግን ነግረውናል። የአንዱ ድንኳን በሁለተኛው ቀን ተነስቶ ሄዶ የት እንደገባ እስካሁን አልታወቀም። ሰውየው «እሱስ ምትክ ቦታ አገኘ» ይላል፣ ሳይስቅ።

ስለዚህ ጠንካራ ድንኳን ልንገዛ ወጣን። እኔ፣ ሚስቴ፣ የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጄ፣ የአምስት ዓመቱ ልጄና አባቴ። ሁላችንም እንሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። ሥራዬ የቤት ዕቃ ጫኝነት ነው። የአንድን ቤት ሙሉ ዕቃ በአንድ መኪና፣ በአንድ ጉዞ ስለማስገባ ጓደኞቼ «ሸካፊው» ይሉኛል። ቁም ሣጥኑ መጀመሪያ፣ ፍራሹ በጎን፣ ወንበሩ ተገልብጦ በወንበር ላይ፣ ትንንሹ በየክፍተቱ። ሳልለካ ጭኜ አላውቅም። ድንኳንም ሳልለካ አልገዛም አልኩ። መለኪያዎቹ እኛው ነን።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ወረቀቱ የመጣ ቀን ለእህቴ ደውዬ አባባን ለጥቂት ወራት ትወስዳቸው እንደሆነ ጠይቄያት ነበር። «ባሌን ታውቀዋለህ» አለችኝ። አውቀዋለሁ። «ደግሞስ ወንድ ልጅ እያላቸው ምን ቤት ነኝ?» ብላ ዘጋችው። አባባ ከጓዳ ወጥተው «ምን አለች?» ሲሉኝ፣ «ቤቴ ቤታቸው ነው፣ በፈለጉ ጊዜ ይምጡ አለች» አልኳቸው። ለደም ግፊታቸው ብዬ ነው። እውነቱን የነገርኩት ለሚስቴ ብቻ ነው።

ሱቁ ሰፊ ነው። ድንኳኖቹ ሲሚንቶው ላይ ተተክለዋል። ሻጩ እስክሪብቶ ጆሮው ላይ የሰካ ወፍራም ሰው ነው።

«ለሽርሽር ነው?» አለን።

«አዎ፣ ለሦስት ወር» አለች ሚስቴ።

ሰውየው እስክሪብቶውን ከጆሮው አውርዶ መልሶ ሰካው። ስንት እንደሆንንና ምን ያህል ብር እንደያዝን ጠየቀን። ነገርነው። በያዝነው ሁለት ዓይነት ብቻ ይገኛል። አንዱ የስድስት ሰው ነው፤ ጨርቁ ከመሳሳቱ የተነሳ ሻጩ ከውስጥ ሆኖ ሲስቅ ጥርሱ ይታየናል። «ለጥላ አንደኛ ነው» አለ። «ነፋስ ካለ ግን እኔን እንዳትጠሩኝ።» ሌላው ወፍራም ሸራ፣ ስፌቱ ድርብ፣ ዘንጉ ብረት። «ይሄን ዝሆንም አይነቅለው። የአራት ሰው ነው።»

«በየትኛው ሰው ልክ?» አልኩት።

«በፋብሪካው።»

«የፋብሪካው ሰው እንዴት ያለ ነው?»

«የማይገላበጥ ነዋ፣ ጌታዬ።»

ጫማ አስወለቅኋቸውና አስተኛኋቸው። ሚስቴ በግራ ሸራው ጥግ፣ ቀጥሎ ሴቷ ልጅ፣ ቀጥሎ ትንሹ፣ እኔ በቀኝ ጥግ። አባባን በእግራችን በኩል፣ በሩ ሥር፣ በአግድሞሽ። ሌሎች ገበያተኞች ቆመው ያዩናል።

«ሰው እያየን ነው» አለች ሚስቴ።

«ይይ።»

«ሬሳ አስመሰልከን እኮ።»

ልጄ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች፤ ነገሩን አባሰችው። ገባን ግን። አምስታችንም ገባን፤ እንዲያውም ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተረፈ። ሙያዬን እንዲህ የኮራሁበት ቀን የለም።

«ሸካፊው» አሉ አባባ ከእግራችን በኩል። በዚህ ስም ጠርተውኝ አያውቁም። «የምትጭነው ቁም ሣጥን ሽንቱ ይመጣበታል?»

በክርኔ ተደግፌ ቀና ብዬ አየኋቸው።

«እኔ ሌሊት ሦስቴ እነሳለሁ። የምነሳውም ግድግዳ ይዤ ነው።» ለማሳየት ያህል ሸራውን ጨብጠው ሊነሱ ሲሉ ድንኳኑ በሙሉ ወደሳቸው አጋደለ። «ኧረ አባት፣ ቀስ!» ብሎ ሻጩ ሮጠ። ዝሆኑን ረስቶታል። አባባ ተመልሰው ተኙ። «እንግዲህ ማንን እየረገጥኩ እንደምወጣ ምረጥልኝ።»

«እኔን አይደለም!» አለ ትንሹ።

ሃያ ዓመት ዕቃ ስጭን አንዱም ዕቃ ተነስቶ ሄዶ ስለማያውቅ ይሄ አልታየኝም ነበር።

«የስድስቱን እንግዛ» አለች ሚስቴ።

«ይቀደዳላ።»

«ሲቀደድ እሰፋዋለሁ።»

«እሱ እንኳ እስኪሰፉት አይቆይም፣ እትዬ» አለ ሻጩ።

እጃቸውን ይዤ አባባን አስነሳኋቸው። ሱሪያቸውን አራገፉ። «ምን ያከራክራችኋል?» አሉ። «ጠንካራውን ግዙ፤ ልጆቹ ነፋስ አይምታቸው። እኔ ልጄ ጋ እሄዳለሁ። ቤቴ ቤታቸው ነው ብላ የለ?»

ሚስቴ አየችኝ። ሻጩም አየኝ፤ እሱ ግን ብሩን እየጠበቀ ነው። «አላለችም» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። የስድስቱን ድንኳን ዞሬ አየሁት፤ የጣሪያው ማራገቢያ እንኳ ያንቀጠቅጠዋል።

«ብላለች» አልኩ።

ሚስቴ ጎንበስ ብላ የትንሹን ጫማ ማሰር ጀመረች። «እማዬ፣ አመመኝ!» እስኪል ድረስ ክሩን ጎተተችው። ሻጩ ድንኳኑን ጠቅልሎ ትከሻዬ ላይ ጫነልኝ።

ገና ከበሩ ሳንርቅ አባባ «በል ደውልላት» አሉ። «ነገ ከሰዓት እመጣለሁ በላት።»

ደወልኩ። አነሳች። «አባባ ነገ ሊመጡ ነው» ስላት መጮህ ጀመረች፤ ድምፁ እንዳይወጣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጣብቄ ያዝኩት። «እሺ እህቴ» አልኩ። «እሺ። አውቃለሁ። አንቺም ሰላም ሁኚ።» ከመካከል ላይ ዘግታዋለች፤ የመጨረሻውን ያወራሁት ብቻዬን ነው።

«ምን አለች?»

«ደስ አላት።»

«ድምፅዋ ይሰማኝ ነበር እኮ፤ ስትደሰት ትጮኻለች፣ ከልጅነቷም እንዲህ ናት» አሉ አባባ። ከዚያ ባዶ እጅ አይኬድም ብለው፣ ለልጆቿ ብስኩት ሊገዙ ከፊታችን ወዳለው ሱቅ ገቡ። ሁለቱ ልጆች ተከተሏቸው።

ሚስቴና እኔ አስፋልቱ ዳር ቀረን።

«ነገ ማን ነው የሚያደርሳቸው?» አለችኝ።

«እኔ ነኛ።»

«እስከ የት?»

ድንኳኑን ከግራ ትከሻዬ ወደ ቀኝ አዛወርኩት። በእውነት ከባድ ነው።