የምዌዛ ጫካ ሽበት

«ይሄን ነገር ጭንቅላቴ ላይ አላስቀባም አልኩሽ! ስንቴ ልንገርሽ?»

«ሺህ ጊዜ ንገረኝ። በሺህ አንደኛው ትቀመጣለህ።»

ጁምዋ ጥቁሩን ቀለም በፕላስቲክ ሳህን እየበጠበጠች አባቷ ፊት ቆማለች። ሽማግሌው ቼንጎ ጓሮ ያለውን የኮኮናት ግንድ ተደግፎ፣ ኮፍያውን ሊቀሙት እንደመጡበት ልጅ በሁለት እጁ ጭምቅ አድርጎ ይዟል።

«ባባ ንዛይን አታየውም? ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ጸጉሩን እንደ ቁራ አጥቁሮ በሰላም ይሄዳል። ከወንዙ ማዶ ያሉት ሽማግሌዎችም ሁሉም ተቀብተዋል።»

«ንዛይ የሚጠብቀው ኮኮናት ነው። እኔ የምጠብቀው ካያ ነው።»

ካያ ምዌዛ ከመንደሩ በላይ ያለው የአባቶች ጫካ ነው። አጥር የለውም፤ ጠባቂም ደሞዝ ተቆርጦለት አያውቅም። የጠበቀው ሽማግሌዎች በሩ ላይ ያኖሩት፣ ዛፉን የቆረጠ ይሞታል የሚል መሐላና ያንን መሐላ የሚያውቀው ነጭ ራስ ነበር። ቼንጎ በየሐሙሱ ኮፍያውን አውልቆ፣ ሽበቱን ለፀሐይ ሰጥቶ ወደ በሩ ሲወጣ ሴቶች ለማገዶ የለቀሙትን ጭራሮ እንኳ ከካያው ይሁን ከሌላ ቦታ እንደገና ያዩት ነበር። አርባ ዓመት እንዲህ ሆነ። ሌሎቹ የካያ ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ሞተው እሱ ብቻ ቀርቷል።

በየካቲት የወንድሙ ልጅ ካሂንዲ ለአልጋና ለበር የሚፈለገውን ቀይ እንጨት ከካያው ውስጥ ቆረጠ። መጋዙ አምልጦ ቅልጥሙን ሰነጠቀው። የት እንደቆሰለ ላለመናገር ብሎ ቁስሉን በጨርቅ ጠቅልሎ ሰነበተ፤ ሆስፒታል ሲወስዱት መንጋጋው ተቆልፎ ነበር። ሐኪሙ መንጋጋ ቆልፍ ነው ብሎ ጽፎ ሰጠ። ለቀብር የመጣው ሰው ሁሉ ግን ያየው የሐኪሙን ወረቀት ሳይሆን የቼንጎን ጸጉር ነው፤ ሽበታም ሽማግሌ በጥንቆላ ይገድላል ይባላልና። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ጁምዋ ከካሳቫው ማሳ ዳር አንድ ሰው የሚያስተኛ ጉድጓድ ተቆፍሮ አገኘች። ማንም ሳያይ አፈሩን መለሰችው።

«ባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች ሳህኑን መሬት አስቀምጣ። «ካሂንዲን አንተ ነህ የገደልከው?»

ቼንጎ አልተቆጣም። «አይደለሁም ብል፣ አርባ ዓመት ሙሉ ሰው እያታለልኩ ኖሬአለሁ ማለት ነው፤ ነገውኑ መጋዝ ይገባል። ነኝ ብል ደግሞ ጉድጓዱ አለ።»

«የቱ ጉድጓድ?»

«አንቺ የደፈንሽው። አፈሩን ስትመልሺ እኮ ካሳቫውንም አብረሽ ቀበርሽው።»

ሳቋ ሊያመልጣት ሲል አንገቷን ደፋች። ቀና ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «እንግዲያው ስማኝ። ሲመጡ መጀመሪያ በሩ ላይ የሚያገኙት እኔን ነው። ከወንዙ ማዶ ምን እንዳደረጉ ታውቃለህ። የገደሉት ሽበታሙን ሽማግሌ ብቻ አይደለም፤ ምራቱንም ነው።»

«ማሊንዲ ከተማ፣ የእህቴ ልጅ ዘንድ ልሂድ?»

«ብትሄድ ሸሸ ይላሉ። ተቀባና ቅዳሜ ስብሰባ ላይ እንደ ማንም ሰው ቁጭ በል። ጫካውን ለእኛ ተወው። ችግኝ አለን፣ ኮሚቴ አለን፤ ዝናብ ሲገባ እንተክላለን። ሰው የገዛ እጁ የተከለውን አይቆርጥም።»

«አይቆርጥም?»

«አይቆርጥም።»

ቼንጎ ልጁን ረጅም ጊዜ አያት። ከባሏ ሞት በኋላ ወደ ቤቱ የተመለሰች፣ አሥራ አንድ ሴቶች አሰባስባ ከካያው የወደቀ ፍሬ እየለቀመች ችግኝ ያፈላች ልጁ ናት። ኮፍያውን ከእጁ ለቀቀ። ግንዱ ሥር ተቀመጠ፤ ራሱንም ዝቅ አደረገላት።

ቅዳሜ ዕለት ሹሙ የጠራው ስብሰባ ትልቁ የካሹ ዛፍ ሥር ነበር። ቼንጎ ሲመጣ ጫጫታው ቆመ። ሰው መጀመሪያ ያላወቀው ይመስል አየው። ከዚያ ከችግኝ ሴቶቹ አንዷ፣ እድሜ ልኳን ምላሷን ሰብስባ የማታውቀው ካድዞ፣ ከመሀል ጮኸች።

«ምነው ቼንጎ፣ ልታገባ ነው እንዴ? ታዲያ እኔ ባጠገብህ ቁጭ ብዬ ምን ሩቅ ያስኬድሃል!»

ስብሰባው በሳቅ ፈረሰ። ሹሙም ሳቀ፤ ሕፃን ያዘሉት ሴቶች ሳቁ፤ በብስክሌታቸው ላይ ሆነው የሚያዩት ጎረምሶችም ሳቁ። አርባ ዓመት በቼንጎ ፊት እንዲህ የሳቀ ሰው አልነበረም። ጁምዋ ትከሻዋ ላይ የነበረው ሸክም ሲወርድ ተሰማት። የተሳቀበት ሰው አይገደልም ብላ አሰበች።

ሳቁ ሳያልቅ የካሂንዲ ወንድም ዚሮ ተነሣ። ቀጭን ልጅ ነው፤ ሐዘኑ ይበልጥ አቅጥኖታል። አልጮኸም።

«ትልቁ አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ልጠይቅዎት። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም። ካያው ቀጥሎ እኔን ይወስዳል ብዬ ደጄ ላይ ጨው እበትናለሁ። መንገድ ላይ ሲመጡ ሳይ ዞሬ እሄድ ነበር። እኔ እርስዎን ስፈራ፣ ለካ እርስዎም እኔን ይፈሩ ኖሯል?»

ጣቱን ወደ ቼንጎ ጸጉር ቀሰረ።

«ካያው ኃይል ካለው ጠባቂውን አይጠብቅም ነበር? ቀለም ምን ያደርግልዎታል?»

ቼንጎ በትሩን ተደግፎ ሊነሣ ከጀለ። አፉን ከፈተ። ጁምዋ የሚለውን አወቀችው፤ ከበሩ መሐላ አንዷን ቃል ብቻ ቢናገር፣ ያ ድምፁ ብቻ ቢሰማ፣ ሳቁ ሁሉ ወደ ጉሮሮው ይመለስ ነበር። ጉድጓዱም እንደገና ይቆፈር ነበር። ዓይኑ ፈለጋት። እሷ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ቼንጎ አፉን ዘጋ፤ በትሩንም ጉልበቱ ላይ አጋደመ።

«በሉ፣ ወደ አጀንዳችን» አለ ሹሙ፣ እፎይ ብሎ። ኮሚቴው ሁለት የደን ጠባቂ ይመርጣል፣ አረንጓዴ ሸሚዝ ይሰፋላቸዋል፣ ዝናቡ ሲገባ ሦስት ሺህ ችግኝ ይተከላል አለ። ተጨበጨበ።

ሰኞ ጠዋት ሴቶቹ ችግኝ ጣቢያው ውስጥ ውሃ ሲያጠጡ የሞተር መጋዝ ድምፅ ከኮረብታው ወረደ። ካድዞ ውሃ ማጠጫዋን እንዳጋደለች ቀረች፤ ውሃው ሁሉ አንዲት ችግኝ ላይ ፈሰሰ።

«ከመንገድ ሥራው ነው» አለች አንዷ።

«መንገድ የት አለና ይሠራል!» አለች ካድዞ።

ጁምዋ ሮጠች። የካያው በር ሁለት ቋሚ ድንጋይና በመሀላቸው ጠባብ መተላለፊያ ነው፤ ሴት ካለ ሽማግሌ ፈቃድ አታልፈውም። ድንጋዩ ጋ ስትደርስ እግሯ ራሱ ቆመ። ከውስጥ ዚሮና አራት ጎረምሶች ይታያሉ። ሁለቱ ባለፈው ዓመት ለችግኙ አፈር በጋሪ ያመላለሱላት ናቸው። በጠባቂነት ተመርጦ አረንጓዴ ሸሚዝ የሚሰፋለትም አንዱ እዚያው ነበር፤ ገመድ ይስባል።

«የአያቶቻችሁ መቃብር ነው እኮ!» ብላ ጮኸች።

«አያቶቻችን ቢነሡ እነሱም ይሸጡት ነበር» አለ ባለገመዱ። «የዘንድሮን የደረቀ በቆሎ አላዩትም።»

ዚሮ መጋዙን አጠፋና ወደ ድንጋዩ መጣ። ፊቱ ላይ የእንጨት ዱቄት አለ። «እህቴ፣ ተመለሺ።»

«ወንድምህ የሞተው እዚህ አይደለም ወይ?»

«ወንድሜ የሞተው መርፌ ሳይወጋ ቀርቶ ነው። ሐኪሙ ጽፎታል። እኔም አንብቤው ነበር፤ ግን አባትሽን ፈርቶ ተቀብቶ እስካየው ድረስ አላመንኩትም።» ላቡን ጠረገ። «ባባ ቼንጎን ማንም አይነካውም። በእናቴ እምልልሻለሁ። ይብላ፣ ይጠጣ፣ ይጦር። አሁን ከሱ ጋር ምን ጉዳይ አለን?»

ደስ አላት። መጋዙ እንደገና ተነሥቶ ጆሮዋን እየበጠሳት፣ ቁልቁለቱን ስትወርድ ደረቷ ውስጥ ያለው ነገር ደስታ መሆኑን አወቀች፤ ለዚያ ደስታ ራሷን ይቅር አላለችም።

አባቷ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር።

«ስንተኛው ነው?»

«ሁለተኛው።»

ወዲያው ሦስተኛው ዛፍ ወደቀ። መሬቱ በስሱ ተንቀጠቀጠ፤ ዶሮዎቹ ቀና ብለው አዩና ጭረታቸውን ቀጠሉ።

«አይነኩህም ብሏል ዚሮ። ምሏል።»

«አውቄአለሁ» አለ ቼንጎ። «የሞተ ሰው ማን ይገድላል?»

ከዚያ ወዲያ ሐሙስ መጣ፣ ሐሙስ ሄደ፤ ቼንጎ ወደ በሩ አልወጣም። ሰው ሁሉ ደግ ሆነለት። ጎረምሶቹ ምናዚ፣ ያን የኮኮናት ጠጅ፣ በጆግ ይዘውለት ይመጡና ትከሻውን መታ መታ ያደርጉታል። ልጆች «ሙሽራው!» ይሉታል፤ እሱም እጁን ያነሣላቸዋል። ጁምዋ ሲማ፣ የበቆሎውን ገንፎ፣ ከዓሣ ጋር ስታቀርብለት ይበላል። ሌሊቱን ሙሉ ይተኛል። ይህን ነበር የፈለገችው።

ዝናቡ ዘንድሮ ዘግይቶ፣ በሚያዝያ መጨረሻ በአንድ ጊዜ ወረደ። ሦስት ሺህ ችግኝ ጉልበት ደርሶ ቆሟል፤ የሚተከልበት የለም። የካያ ዛፍ ሲያድግ የትልልቆቹን ጥላ ይፈልጋል፤ በባዶ ፀሐይ ሁለት ሳምንት አይቆይም። ይህን ለሴቶቹ ያስተማረቻቸው ራሷ ጁምዋ ናት።

«ለፍየል እንስጠው» አለች ካድዞ።

«ዝም በይ።»

«እውነቴን ነው። ፍየሏ እንኳ አመስግና ትበላዋለች።»

ይህን ሲባባሉ ግንድ እስከ አፉ የጫነ መኪና ከኮረብታው እየተንሸራተተ ወረደና ችግኝ ጣቢያው አጥር ጋ ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። ሾፌሩ ሲነዳው የኋላ ጎማው ይዞራል፤ መኪናው ግን ወደ ጎን፣ ወደ ችግኙ ይጋደማል። አጥሩ ተሰበረ። የመጀመሪያው ረድፍ ከነከረጢቱ ጭቃ ውስጥ ገባ።

«ግፉ! ኧረ ግፉ!» ብላ የጮኸችው ጁምዋ ናት።

የመንደሩ ሰው ከየቤቱ ወጣ። ሴቶቹ ለችግኙ ጥላ ያደረጉትን የኮኮናት ቅጠል አንሥተው ጎማው ሥር ወተፉ። ዚሮ ከጋቢናው ወርዶ ትከሻውን ሰጠ። ጁምዋ ከጎኑ ሆና ሁለት እጇን ግንዱ ላይ ጣለች፤ እንጨቱ ከተቆረጠበት ገና እርጥብ ነበር፣ ቀይም ነበር።

«አንድ ላይ! ሄይ ያ!»

«ካድዞ፣ አንቺ እየገፋሽ ነው ወይስ ተደግፈሽ ነው?»

«ባሌንም እንዲህ ነበር የምገፋው፤ ሄዶ አልተመለሰም!»

ሳቅ ሆነ፤ ሳቁም ጉልበት ሰጠ። ጎማው ቅጠሉን ነክሶ ትንሽ ከፍ አለ። ጁምዋ ትንፋሿን ልትሰበስብ አንገቷን ስታዞር፣ በመንገዱ ማዶ ባለው ደረቅ ዳር ቼንጎ በትሩን ይዞ፣ አንዲት ጥቅል በብብቱ ሸጉጦ ሲያልፍ አየች። የማሊንዲ መኪና ወደሚቆምበት ወደ አስፋልቱ ነው የሚሄደው። ሰው መንገዱን ስለሞላው ጥቂት ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ በሁለት ብስክሌቶች መሀል ገባና ልብሱን ከጭቃው ሰብስቦ አለፈ።

«ዘና አትበሉ! አንድ ጊዜ ደግሞ!» አለ ዚሮ።

ጁምዋ ፊቷን መለሰች፤ ትከሻዋንም ግንዱ ላይ አስደግፋ ገፋች።