የገነፈለው ጉድጓድ

"ቁም! ቁም! ግድቡ እየተናደ ነው!"

ጥበቃው ጋሽ ፈረደ ዱላቸውን እያወዛወዙ ሲሮጡ ሹፌሩ አለምሰገድ ፍሬን ያዘ። ከገንዳ ውሃ ከተማ ሆቴሎች መጸዳጃ የቀዳውን ፍሳሽ የጫነው መኪና ዋልካው ጭቃ ላይ ተንሸራትቶ ቆመ።

ወርዶ አየ። የከተማው ዝቃጭ የሚደርቅበት ጉድጓድ በሌሊቱ ዝናብ እስከ አፉ ሞልቷል። በታችኛው በኩል የአፈሩ ግድብ ተሰንጥቆ፣ ጥቁር ውሃ በሣሩ መሐል ድምፅ ሳያሰማ ይወርዳል።

"ለኃላፊው አልነገሩትም?"

"ትናንትና ደወልሁለት። 'ፀሐይ ሲወጣ ይደርቃል' አለኝ። የምን ፀሐይ!"

በሱዳን በኩል ሰማዩ እንደገና ጠቁሯል። አለምሰገድ ፍሳሹን ተከትሎ ቁልቁል ወረደ። ጅረቱ ዳር አንድ ሰው አሸዋው ውስጥ ከቆፈረው ጉድጓድ ውሃ በጣሳ እየቀዳ ጀሪካን ይሞላል። ለሰሊጥ አረም ከደጋ ከወረዱት የቀን ሠራተኞች፣ ከሳሉጎቹ፣ አንዱ ነበር፤ ስሙ ቢሻው ይባላል።

"ይኸን ውሃ ትጠጡታላችሁ?"

"ታዲያ ምን እንጠጣ? አሸዋው ያጣራዋል።"

"የታመመባችሁ ሰው አለ?"

ቢሻው ቀና ብሎ አየው። "ማን ነገረህ? ካምፓችን ውስጥ ሁለት ልጆች ሲያስመልሳቸውና ሲያስቀምጣቸው አደረ። ወባ ነው ብለን ኪኒን ሰጠናቸው። አንዱ ዓይኑ ጎድጉዷል፤ ውሃ፣ ውሃ ይላል። የምቀዳውም ለእሱ ነው።"

አለምሰገድ ጀሪካኑን ነጥቆ ደፋው።

"አበድህ እንዴ!"

"ከላይ የሚወርድባችሁ የከተማው ሽንት ቤት ነው!"

ቢሻው የያዘውን ጣሳ አየው፤ ከዚያ በእጁ ጀርባ አፉን ጠረገ።

ቢሻውም ግድቡን ሊያይ ተከተለው፤ ወደ መኪናው ሲመለሱ የአለምሰገድ ስልክ ጮኸ። ኃላፊው ባየልኝ ነው።

"የት ቀረህ? ሆቴሉ ይጠብቅሃል። ገልብጠህ ና።"

"ግድቡ ፈርሷል። ሰው እየጠጣው ነው።"

"ካሁን በፊትም ይፈስ ነበር። ያንተ አንድ መኪና ምን ይጨምራል? ካልገለበጥህ ቁልፉን አስረክብ፤ ሹፌር ሞልቷል።"

ይነዳው የነበረው ትራክተር በጸጥታው ችግር ከቆመ ወዲህ አለምሰገድ ረጅም ጊዜ ያለ ሥራ ተቀምጦ ነው ይኸን መኪና ያገኘው። ሚስቱ አሰበች አራስ ናት። የመገልበጫውን ቧንቧ ያዘ፤ ብረቱ እጁን አቀዘቀዘው። ታች፣ ከሰሊጡ መሐል፣ አንድ ሰው የቢሻውን ስም እየጠራ ይጮኻል።

ቧንቧውን ለቀቀ።

"ጋሽ ፈረደ፣ ሌላ መኪና እንዳያስገቡ።"

"በምን ልከልክል ልጄ? በዚህች ዱላ?"

አለምሰገድ የጋቢናውን በር ከፈተ። "ግባ፤ ልጆቹን ጤና ጣቢያ እናድርሳቸው" አለው ቢሻውን።

መኪናው ከነሸክሙ ወደ ካምፑ መውረድ ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ የዝናብ ጠብታዎች መስተዋቱን መቱት።

"ሐኪሞቹ ምን ጠጡ ቢሉን ምን እንላለን?" አለ ቢሻው።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። አለምሰገድ የባየልኝን ስም አየና ስልኩን አጠፋው።

"እኔ እነግራቸዋለሁ።"