የተቃጠለው የዳኛ ካባ

እና ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ አስቀድሜ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ነገሩ ተራ የካውያ ነገር ነው፣ ከአንድ የተከበረ ልብስ ቆራጭ አፍ ሊወጣ አይገባውም ነበር፣ ግን ከአፍ እየወጣ አይደለም፣ በሆዴ ነው የማወራው፣ ለዚች ጭንቅላት ለሌላት የልብስ መለኪያ አሻንጉሊት፣ መጋረጃው ውስጥ ሁለታችን ብቻ ቆመናል፣ እሷ በእንጨት እግሯ፣ እኔ በቀጠሮ። ቀጠሮ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ራሴ በማዝበት ስፌት ቤት።

ውጭ የስፌት መኪናዎቹ ዝም ብለዋል፣ ሰፊዎቹ እየጠበቁኝ ነው፣ እንፋሎትም ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል፣ እንፋሎት ልብስ ተኳሻችን ነው፣ ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፣ ሥራ ሲበዛ ስለሚተን፣ አሁን ግን አልተነነም፣ ጥቁር የዳኛ ካባ ለብሶ ጉብ ብሏል፣ የካባው ጀርባ ላይ የካውያ ቅርጽ ያለው ቀዳዳ አለ፣ ቅርጹ ፍጹም ነው፣ ሙያተኛ በጠመኔ አስምሮ የቆረጠው ይመስላል።

ደንቡም የእኔ ነው። ያበላሸ ያበላሸውን ይለብሳል፣ እስከ ሥራ መውጫ፣ በሰው ፊት፣ ለሦስተኛ ጊዜ ካበላሸ ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል። አሠሪያችን አንድ ቀን፣ ለመሆኑ ይሄ ነገር ያስተምራል? ብለው ጠይቀውኝ ነበር፣ እንዲያስተምር ማን አለ፣ እኛ ትምህርት ቤት አይደለንም፣ ይገባዋል ነው መልሱ፣ ይገባዋል፣ እንዴት ያለ ቃል ነው፣ ሲናገሩት ብቻ ሆድ ይሞላል፣ በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም፣ ሰው ያቃጥላል፣ ይቃጠላል፣ ሚዛኑ እኩል ይሆናል፣ እኩል ይሆናል ወይ፣ አንድ የተቃጠለ ሲደመር አንድ የተቃጠለ፣ ቆይ፣ ሁለት የተቃጠለ አይሆንም እንዴ፣ ይሄንን በኋላ።

መጀመሪያ ሸሚዝ ነበር፣ ኮሌታው አርሮ፣ ለበሰው፣ ሳቅን። ሁለተኛው የሴት ቀሚስ፣ ሽንሽን፣ እሱን ለብሶ ሲተኩስ የዋለ ዕለት አማቱ የቤት ቁልፍ ልትሰጠው ብቅ አትል መሰለሽ፣ ልጄን የሰጠሁት ለዚህ ነው? አለች በሩ ላይ ቆማ፣ አሁን አብራቸው ነው የምትኖረው፣ በየማታው የቀሚሱን ነገር ታነሳበታለች፣ ዛሬ ከሥራ ከተባረረ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከእሷ ጋር ሊውል ነው፣ ይህ በየትኛውም ሕግ ላይ የለም፣ እንዲህ ያለ ቅጣት። ይገባዋል? ቤቱ፣ ሚስቱ፣ እንጀራው፣ ሁሉም እኔ አሁን ወጥቼ በምናገረው አንድ ነገር ላይ ተንጠልጥሏል፣ እኔ ደግሞ የምናገረው ጠፍቶኛል፣ እኔ፣ ንግግር የማያልቅብኝ ሰው።

ንግግር። አዎ። ጠዋት ካባውን እየተኮሰ ነበር፣ እውነት ለመናገር አሳምሮ፣ እኔ የትናንቱን ሱሪ አነሳሁ፣ የተኩሱ መስመር ሁለት ሆኗል፣ ና ወዲህ! አልኩት፣ እኔ ስጠራ መሮጥ ነው፣ ሮጠ፣ ካውያው ካባው ላይ በደረቱ እንደተኛ ቀረ፣ ስለ ጥንቃቄ ማስተማር ጀመርኩ፣ ጥንቃቄ የሙያ እናት ናት፣ አልኩ፣ ጋሼ፣ አለ፣ ስናገር አትናገር፣ አልኩ፣ ጋሼ ካውያው፣ አለ፣ ይሄው ነው ችግርህ፣ ማቋረጥ፣ አልኩ፣ ጥንቃቄ የጎደለው ሰው ማለት፣ እያልኩ ሳለ አንድ ነገር ሸተተኝ፣ ደግሞም ጭሱን ዓይኔ አየው፣ ዓረፍተ ነገሩን ግን ጨረስኩ፣ ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነበር፣ ከዚያ ነው የጮህኩት። ማን አቃጠለው! ልበሰው! ሦስተኛህ ነው! በአንድ ትንፋሽ፣ ከሳሽም ፈራጅም አስፈጻሚም፣ ወጪ ቆጣቢ አሠራር ነው።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች፣ አሉ እትዬ። እትዬ ቁልፍ የሚተክሉልን ናቸው፣ ከሁላችንም ታላቅ፣ ቀና እንኳ አላሉም፣ እኔ ስለ ምሳ መስሎኝ ነበር፣ አሁን ነው የገባኝ፣ አልገባኝም፣ ገባኝ።

ለበሰው። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ቀዳዳው ከኋላ ነው፣ ከፊት ሲያዩት ዳኛ ነው፣ ማንም አልሳቀም፣ ትከሻው ሰፋ፣ አንገቱ ቀና አለ፣ ይሄ ምን ዓይነት ቅጣት ነው፣ ከዚያ አንዷ ሰፊ፣ ክቡር ዳኛ፣ አቤት የምለው አለኝ፣ ይቺ ጎረቤቴ በመቀሴ ካርቶን ቆረጠችበት፣ አትል መሰለሽ፣ ጎረቤቷ ደግሞ ብድግ ብላ፣ ክቡር ዳኛ፣ አንድ ቀን ነው፣ ለዚያውም ለእሷው የልደት ስጦታ ላሽግላት ብዬ፣ እንፋሎት ጉሮሮውን ጠረገ፣ ስጦታው ምን ነበር? አለ፣ መቀስ፣ አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፣ ተቃቀፉ፣ አለቀ፣ ማንም አልተቀጣም፣ ደሜ ፈላ፣ ቅጣት የሌለው ፍርድ ክር የሌለው መርፌ ነው፣ ይወጋል እንጂ አይሰፋም፣ ወይስ ይሰፋል፣ ሁለቱ እኮ አሁን ጎን ለጎን ተቀምጠው ይንሾካሾካሉ።

አንድ ጉዳይ ቀርቷል፣ አሉ እትዬ፣ የካባው። እንፋሎት ወደ እኔ ዞረ፣ ጋሼ፣ እርስዎ ምስክር ነዎት፣ ካውያው ሲያቃጥል እኔ ምን አልኩ?

ቀጠሮ ይሰጠኝ፣ አልኩ።

ተሰጥቷል፣ አለ።

እና ይኸው፣ አንቺና እኔ። ምንም አላለም ብል ይሄዳል፣ ደንቡ ይከበራል፣ እኔም እከበራለሁ፣ ጋሼ ካውያው ብሎ ነበር ብል፣ ታዲያ አፉን ያስዘጋው ማን ነው፣ ካውያውን ያስተኛው እሱ፣ የጠራሁት እኔ፣ ያየው እሱ፣ ያልሰማሁት እኔ፣ ሰምቻለሁ እኮ፣ ስለ ሰማሁ አይደል አታቋርጠኝ ያልኩት፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው፣ እኔ ግን አህያው ማን እንደሆነ ጠፋኝ፣ አትሳቂ። ለእውነተኛው ዳኛ ሌላ ካባ እቆርጣለሁ፣ ጨርቅ ሞልቷል፣ ካባው ይተካል፣ ታዲያ ቅጣቱ ምኑን ሊተካ ነው፣ ቀዳዳ በቀዳዳ አይጣፍም፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስፌት ውስጥ ኖሬ ይሄን ሳላውቅ፣ አይ፣ ግን አንድ ሰው መልበስ አለበት፣ ሰው ካልለበሰው ዓለም ትፈርሳለች፣ ይገባዋል፣ ይገባ፣ ማን ነበር ያልኩት?

መጋረጃውን እገልጣለሁ። ካፈርኩ አይመልሰኝ።

አውልቅ፣ እላለሁ። እንፋሎት ፊቱ አመድ ይመስላል፣ ሊያባርረኝ ነው ብሏል በልቡ፣ ቀስ ብሎ ያወልቃል፣ በእጁ መዳፍ እንደ ካውያ ዳብሶ ያጥፈዋል፣ ልማድ ነው፣ እቀበለዋለሁ፣ እለብሰዋለሁ፣ ለብሼ መናገር እፈልጋለሁ፣ ጋሼ ካውያው ብሎ ነበር፣ እላለሁ፣ ከዚህ በላይ አልወጣ ይለኛል፣ ረጅም ንግግር አሰናድቼ ነበር።

እስቲ ዙር፣ ይላሉ እትዬ።

እዞራለሁ፣ ቀዳዳው ውስጥ ነፋስ ይገባል፣ መስታወቱ ፊት ነኝ ግን ጀርባዬን አላየውም፣ ለካ የለበሰው ሰው አያየውም፣ ሸሚዙንም ቀሚሱንም ሲለብስ ያየነው እኛ ነን፣ በሉ ሳቁ እንጂ፣ እጠብቃለሁ፣ ማንም አይስቅም፣ ካልሳቁ ቅጣቱ ተቆጠረልኝ ወይስ አልተቆጠረልኝም፣ ማንን ልጠይቅ፣ ጋሼ፣ ይላል እንፋሎት ከኋላዬ፣ ስናገር አት፣ እላለሁ፣ ግን እየተናገርኩ አይደለም፣ ተናገር፣ እላለሁ። ጋሼ፣ ኮሌታዎ ተገልብጧል፣ ይላል፣ እና ያስተካክልልኛል፣ እጁ ሙቅ ነው፣ ከዚያ ወደ ካውያው ይመለሳል፣ ሥራ አለ፣ መኪናዎቹ ይጀምራሉ።

እኔ ከመጋረጃው አጠገብ እንደቆምኩ ነኝ፣ ከሁለታችን የተቀጣው ማን እንደሆነ አልለየልኝም፣ አንቺ ግን ስሚ፣ ጭንቅላት የለሽም፣ አፍ የለሽም፣ ቢሆንም አደራሽን፣ ለማንም እንዳትተነፍሺ። በተለይ ለአማቱ።