«ነገ» የተባለው ዘፈን

ኡዱ ወንበር ላይ ተጋድሟል… ሆደ ሰፊ፣ አንገቱ ወደ ኋላ የተቆለመመ፣ ዝም ያለ። በስቱዲዮው መጋረጃ ስንጥቅ የሾለከ የከዚራ ሰፈር ፀሐይ ክሮቹ ላይ ተኝቷል።

ትወደው ነበር ረድኤት፣ ባለኡዱን። እንዴት ትወደው ነበር!

ስድስት ዓመት ወደደችው። ሰርግ ቤት ስትዘፍን ሲያጅባት፣ ሲመለሱ ስታወራ ሲስቅላት… ወደደችው። «ሽማግሌ የምትልከው መቼ ነው?» ስትለው፣ «ነገ» ይላታል ሚልኪያስ። ክፋት የለውም፤ ሲላት ከልቡ ነው። ነገ… ደግሞ ነገ… ደግሞ ነገ።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ፊቷን ስትታጠብ፣ እንደማይልክ ገባት። እንዲሁ ገባት። አላለቀሰችም። ፎጣውን ሰቀለችና ዘፈን ጻፈች።

ስሙንም «ነገ» አለችው።

ምቱን ከጅቡቲ፣ ከበሮውን ከማሊ፣ ትካዜውን ከራሷ አመጣች። ኡዱንስ ከማን ታምጣ? ድሬዳዋ ውስጥ እንደ እሱ ኡድ የሚያስለቅስ የለም። ደወለችለት። መጣ… እንደ ወትሮው አርፍዶ፣ እንደ ወትሮው ጊሽጣ ይዞላት።

ባለስቱዲዮው ሙክታር መቅዳት ጀመረ። ዘፈነች።

«ነገህን ስጠብቅ፣ ዛሬዬ መሸብኝ…»

ኡዱ ቆመ።

«እኔ ነኝ?» አላት ሚልኪያስ ቀስ ብሎ።

«አንተ ነህ።»

ሙክታር አንገቱን ደፋ። ሚልኪያስ ጣቶቹን አየ፣ ክሮቹን አየ፣ ከዚያ እሷን… ለረጅም ጊዜ እሷን።

«ፈርቼ እኮ ነው ረድዬ። አንቺን አይደለም… ባል መሆንን።»

«አውቃለሁ።»

ማወቋ ነበር የከፋው። ማወቋ ነበር ያቀለላትም።

ይወጣል ብላ ጠበቀች። አልወጣም። «ከመጀመሪያው እንሂድ፣ አቦ!» አለና አቀፈው ኡዱን። ተጫወተ… እንደዚያ ተጫውቶ አያውቅም። የመጨረሻው አዝማች ላይ ሲደርሱ ግን እጁን ከክሮቹ አነሳ።

«እዚህ ጋ እኔ አላስፈልግሽም። ብቻሽን ዝፈኚው።»

ብቻዋን ዘፈነችው። ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ… ተንገዳገደ… በእግሩ ቆመ።

ትወደው ነበር። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ለመጨረሻ ጊዜ፣ እንዴት ወደደችው!

ዘፈኑ ወጣ። በሦስተኛው ሳምንት፣ ወደ ሳቢያን በሚሄድ ባጃጅ ውስጥ፣ ከሬዲዮ ሰማችው። አጠገቧ ዘንቢል ያቀፉ እናት ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዳምጣሉ።

«ይቺ ልጅ… አቤት ስትወደው!» አሉ።

«ወቀሳ እኮ ነው እማማ፤» አለች ረድኤት። «ስድስት ዓመት አስጠብቆ አላገባትም።»

«እሱንማ ሰማሁ። አወዳደዷ ነው የገረመኝ። ሰውየውስ ይሰማው ይሆን?»

«ሰምቶታል እማማ። ኡዱን የሚጫወተው እሱ ነው።»

ሴትየዋ ዘወር ብለው አዩዋት። ፊቷን አዩ፣ ዓይኗን አዩ። ከዚያ ዘንቢላቸውን ወደ ጥግ ገፋ አደረጉና እጇን ያዙት።

«ሹፌር፣» አሉ፣ «እስኪ ድምፁን ጨምርልን።»