የጳጉሜ ወንፈል

ዕጣውን ያስወጣችው አደይ ራሷ ናት። ከይሥሐቅ ጋር ኮምፒውተር ሳይንስ ጨርሰው፣ ሥራ አጥተው ሞላሌ ተመልሰዋል። ሁለቱም አንድ የፕሮግራም ቋንቋ ያርማሉ፤ ዓለም በነፃ የሚጠቀምበት፣ የፈለገ ሁሉ የሚያስተካክለው ነው። በየዓመቱ ብዙ ያረመ አንድ ሰው ይመረጣል። አዲስ ላፕቶፕ ይላክለታል፣ እርማቶቹን ከሚያጸድቁት ከቋንቋው ጠባቂዎችም ይቆጠራል።

"ለየብቻ ብንቆፍር ማንም አያየንም" አለች አደይ። "እንደ ገብስ አጨዳ በወንፈል እናድርገው። ዘንድሮ በአንዳችን ስም፣ ለከርሞ በሌላችን።"

ዕጣው ለይሥሐቅ ወጣ።

ማሳ ላይ ማን እንዳጎነበሰ ሰፈሩ ሁሉ ያያል። ኮምፒውተር ላይ የሚታየው ስም ብቻ ነው። አደይ ይህን አላሰበችበትም። ቋንቋው የሚያውቀው አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነበር፤ ጳጉሜን ያስተማረችው እሷ ናት። ስክሪኑ በተሰነጠቀ ላፕቶፕ፣ መብራት በመጣ ቁጥር እየሮጠች፣ ሁለት መቶ አሥር እርማት በይሥሐቅ ስም ላከች። እሱ ራሱ አራት።

በሐምሌ ይሥሐቅ ተመረጠ።

"እንግዲህ ከመስከረም ጀምሮ ተራው የኔ ነው" አለችው።

"አዱዬ፣ አሁን እኮ ጠባቂ ሆንኩ። በሰው ስም መሥራት ደንቡ አይፈቅድም።"

"እስከ ትናንት ይፈቅድ ነበር?"

"እስከ ትናንት ጠባቂ አልነበርኩማ" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የሽልማቱ ቀን ግን አጠገቤ ተቀመጪ። ስለ ጳጉሜ ከጠየቁኝ መልሱን ትጽፊልኛለሽ።"

"እቀመጣለሁ" አለች።

ነሐሴ ሃያ ስድስት የወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ሞላ። የይሥሐቅ እናት እትዬ ጥሩሸዋ፣ ሱፉን ራሳቸው የፈተሉትን ባና ታቅፈው ከፊት ተቀመጡ፤ ልጃቸው ሲሸለም ሊደርቡለት ነው። ግድግዳው ላይ ባሕር ማዶ ያሉት ጠባቂዎች በቪዲዮ ጥሪ ታዩ። አንዷ በእንግሊዝኛ ጠየቀችው፦ ስድስተኛዋን የጳጉሜ ቀን እንዴት አስገባሃት?

ይሥሐቅ ወደ አደይ ዞረ። እጆቿ ጉልበቷ ላይ ናቸው።

"ጻፊ እንጂ" አለ በሹክሹክታ።

"ንገራቸው፣ ጌታው" አለች፣ አዳራሹ እንዲሰማ። "የሠራኸውን ነው የጠየቁህ።"

ላቡ በአንገቱ ወረደ። እናቱ "ምን ሆንክ ልጄ?" አሉ። አደይ አልቸኮለችም። አንድ ደቂቃ ሙሉ ሲንተባተብ አየችው፤ ደስ አላት። ከዚያ ወደ ካሜራው ጠጋ ብላ፣ ያቺን ቀን ማን፣ እንዴት እንዳስገባት በእንግሊዝኛ ተናገረች። እትዬ ጥሩሸዋ እንዳያመልጣቸው በአማርኛ ደገመችው።

ባናው እንደታጠፈ ወደ ቤት ተመለሰ።

"ቀድመሽ ለኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?" አሏት እትዬ ጥሩሸዋ በሩ ላይ። "አስታርቃችሁ ነበር።"

"ብነግርዎ ስሜን ይመልሱልኝ ነበር?"

እትዬ ጥሩሸዋ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ስበው አለፉ።

የጠባቂዎቹ ደብዳቤ ጳጉሜ ሦስት ደረሰ። አደይ ስሜን መልሰውልኛል ብላ ነው የከፈተችው። በሌላ ሰው ስም የተላከ ሥራ የማን እንደሆነ ማረጋገጥ ስለማይቻል ሁለት መቶ አሥራ አራቱም እርማቶች ከቋንቋው ተሰርዘዋል ይላል። ሽልማቱ ለሌላ ተሰጥቷል። ሁለቱም ከእንግዲህ ምንም መላክ አይችሉም። መጨረሻው ላይ፣ "ስለ ቅንነትሽ እናመሰግናለን።"

ውጭ ልጆች በሩፋኤል ዝናብ እየታጠቡ ይጮኻሉ። አደይ አዲሱን የቋንቋውን ቅጂ አወረደችና የዕለቱን ቀን ጻፈችበት። የተሰነጠቀው ስክሪን በቀይ መለሰላት፦ እንዲህ ያለ ወር የለም።