ጋሽ ገብረ መድኅን ያላዩት ቤት

«ተቀመጪ እንጂ ፀዲ። ምን ፈልገሽ ነው? እኛ እናመጣልሻለን።»

ፀደንያ የፈለገችው ነገር የለም፤ የቤተ ክርስቲያናቸውን ልጅ ሲላስን አንድ ነገር ልትጠይቀው ነበር የተነሣችው። ግን ሐዘንተኛ ከፍራሹ ብድግ ካለ አንዱ መደንገጡ፣ ሌላው ውኃ ይዞ መሮጡ አይቀርም። ተመልሳ ተቀመጠች። አባቷ ጋሽ ገብረ መድኅን ካረፉ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። እንግሊዝ አገር፣ ቶተንሃም ያለው ጠባብ ሳሎናቸው ከቤተ ክርስቲያን በመጡ ሰዎች ጢም ብሏል፤ ግማሾቹም ይስቃሉ።

የሚያስቋቸው ሟቹ ራሳቸው ናቸው። ሥራቸው በባሕር ጠረፍ ከተሞች እየዞሩ የአሮጌ ቤቶችን ኤሌክትሪክ በዓይን መመርመር ነበር። ምንም ሳይፈቱ በማየትና በማሽተት ብቻ። ልማዱ ታዲያ በእረፍት ቀናቸውም አይለቃቸውም ነበር።

«ለሲላስ መቅዲን ልንጠይቅ ሽምግልና የሄድን ለት» አሉ ሽማግሌው ጋሽ ባዩ፣ «የልጅቷ አባት ‘ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ?’ ሲሉን ዞር ብል ገብሬ የለም። ለካ በሙሉ ልብሱ ቴሌቪዥኑ ኋላ በሆዱ ተኝቷል። ‘ልጅቷን ቆይተን እንጠይቃለን፣ መጀመሪያ ይቺን ሶኬት አጥፉልኝ’ አላቸው።»

የሟቹ ሚስት እትዬ አበባ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ሲላስም ፈገግ አለና ወዲያው አቀረቀረ። ነገ ከመቅዲና ከሦስት ወር ሕፃናቸው ጋር ማርጌት ሊገባ ነው። እዚያ ሥራ አግኝቶ፣ ባሕሩ አጠገብ አንድ አሮጌ ቤት ተከራይቷል። ጋሽ ገብረ መድኅን «ሳላየው አንድ ሌሊት እንዳታድሩበት» ብለውት ነበር። ለሐሙስ ተቀጣጥረው፣ ማክሰኞ ጠዋት ልባቸው ቆመ። አሁን ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የሶኬት ነገር ማንሣት ለሲላስ ነውር ሆነበት።

ፀደንያ ግን ከዚያ ሌላ የምታስበው የለም። ስድስት ዓመት ከአባቷ ጋር ሠርታለች፤ እሳቸው ያያሉ፣ እሷ ትጽፋለች። «ደህና ነው» ወይም «አይደለም» የሚለውን ቃል ብቻዋን ተናግራ አታውቅም። አንዴ በመጀመሪያው ዓመቷ ሞክራ ነበር። አንድ መኝታ ቤት የዓሣ ሽታ ሸተታትና «ባሕሩ ነው፣ ደህና ነው» ብላ ወጣች። አባቷ ምንም ሳይሏት መስኮቱን ዘጉ፤ አልጋው ላይ ተቀምጠው ሩብ ሰዓት ያህል ስለ ልጅነታቸው አወሩላት። ከዚያ «አሁን አሽትቺ» አሏት። ሽታው አልሄደም። የጋለ ሶኬት ሲቃጠል እንደ ዓሣ እንደሚሸት ያን ቀን ነው ያወቀችው። በጣም አፈረች። እሳቸው ግን ድንች ጥብስ ገዝተውላት እስከ ባቡሩ ድረስ ሲቀልዱባት ሄዱ።

«ሲላስ፣ ቤቱን ማን ቼክ አደረገው?» አለች ከተቀመጠችበት።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

«ኧረ ፀዲዬ፣ አሁን እሱ ይነሣል? አከራይ ኤጀንሲው ኦኬ ነው ብሎኛል።»

«ሄዶ አይቶት?»

«ፎቶ ነው የላከልኝ።»

«እንግዲያው እኔ እሄዳለሁ። ዛሬውኑ።»

ጉምጉምታ ተነሣ። «ልጄ» አሉ ጋሽ ባዩ፣ «ሐዘንተኛ ከቤት ብቻዋን አትወጣም። ሰውስ ምን ይላል?»

እትዬ አበባ አፍንጫዋን ጠረገች። «እንዳሉት ይሁና። ብቻዋን አትሂድ።»

ጎረቤታቸው አህመዲን የተማሪዎች ሚኒባስ ነጂ ነው፤ ምሳ ሊያደርስ መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። «የኔ መኪና አሥራ ስድስት ሰው ይይዛል» አለ።

ለቅሶው እንዳለ ወደ ባሕር ተጓዘ። መቅዲንና ሕፃኑን ጨምሮ አሥራ አራት ሰው፣ ሁለት ፔርሙዝ ሻይና አንድ ድስት ምስር ወጥ። መንገዱን ሁሉ ጋሽ ገብረ መድኅን የሚወዷቸውን መዝሙሮች ዘመሩ። አህመዲን ሳይታወቀው በመሪው ላይ በጣቱ ይመታላቸው ጀመር።

ማርጌት ሲደርሱ ጥቁር የለበሱት ሁሉ የቤቱ ደጃፍ ላይ ተሰልፈው ሻይ ይጠጡ ያዙ። አንዲት ፈረንጅ ጎረቤት ሁሉም ሊኖሩበት የመጡ መስሏት «መታጠቢያ ቤቱ እኮ አንድ ነው» ስትላቸው ሳቁ። ፀደንያ ከሲላስ ጋር ገባች።

ቤቱ አዲስ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። ከደጅ ያለውን መብራት ጨው በልቶታል፤ የፊውዝ ሳጥኑ ጥግ ዝጓል። ጻፈች። ሶኬቶቹ ግን ያብረቀርቃሉ፣ ማብሪያ ማጥፊያዎቹም ንጹሕ ናቸው። ሕፃኑ የሚተኛበት ክፍል ስትደርስ «ደህና ነው» ልትል አፏን ከፍታ ነበር። የዓሣ ሽታ መጣ።

«ባሕሩ ነው» አለ ሲላስ።

መስኮቱን ዘጋችና ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «እስቲ ስለ ሕፃኑ ንገረኝ።»

ሲላስ ግራ ገባው። ቢሆንም አወራ፤ ልጁ ሲስቅ አንድ ዓይኑን እንደሚጨፍን፣ መቅዲ እንቅልፍ ካየች እንደቆየች። ሩብ ሰዓት ሞላ። ሽታው አለ። ፀደንያ በሐዘን ልብሷ በሆዷ ተኛች። አልጋው የሚቆምበት ግድግዳ ላይ ያለው ሶኬት ከሥሩ ቡናማ ሆኗል፤ አዲሱ ቀለምም እዚያ ጋ ተኮማትሯል። ሄዳ የክፍሉን መስመር ከፊውዝ ሳጥኑ አጠፋች።

«ሲላስ፣ ይሄ ተፈቶ እስኪሠራ እዚህ አታድሩም። ደህና አይደለም።»

የራሷ ድምፅ ነበር። ሲላስ ግድግዳው ላይ እጁን አሳረፈ። ዓይኑ እንባ ሞላ።

እትዬ አበባ ደጅ ሆና ስትሰማ ሕፃኑን ከመቅዲ ተቀበለች። «እንግዲህ እኛ ጋ ናችሁ። ለቅሶ ቤት ሕፃን ሲያለቅስ ማን ይቆጣል?» አለች። ጋሽ ባዩም በቀኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብለው ሳቁ።

ፀደንያ ደረጃው ላይ ተቀምጣ የምርመራውን ቅጽ ጨረሰች። የመርማሪው ስም የሚጻፍበት ሳጥን ጠባብ ነው፤ ለእንግሊዞች ስም የተሠራ። ከዚህ በፊት አባትና ልጅ ስማቸውን የሚያሳጥሩበት መንገድ ነበራቸው፣ አንድ ፊደልና ነጥብ። ፀደንያ ብላ ጻፈች። ቀጥላ የአባቷን ስም ጀመረችው። «ገብረ» ላይ ሳጥኑ ሞላ። እጇ አልቆመም፤ መስመሩን አልፋ፣ ወደ ወረቀቱ ጠርዝ እየወጣች፣ «መድኅን»ን እስከ መጨረሻዋ ፊደል ጻፈችው።